ጣሀ የደበቀው ባህር

ኡሙሰልማ ሃምሳ ዓመት እስኪጠጋት ድረስ ባህር በዓይኗ አይታ አታውቅም ነበር። ይሁን እንጂ በኮምቦልቻ፣ እነሱ ሰፈር፣ ስለ ባህር እንደ እሷ አድርጎ የሚያወራ አልነበረም። የሰፈር ልጆች በዓሣ ነገር ሲከራከሩ "ቆይ፣ እትዬ ኡሙን እንጠይቅ" ይላሉ። ጎረቤቷ ሰርካዲስ ደግሞ "ባህርዬ" እያለች ነበር የምትጠራት።

ባህሩን ያመጣላት ባሏ ጣሀ ነው። ጣሀ የተሳቢ ሾፌር ነው። የአሰብ መንገድ ተዘግቶ የአገሩ ጭነት ፊቱን ወደ ጅቡቲ ሲያዞር እሱም አብሮ ዞረ፤ ባቲን ወርዶ፣ ሚሌን አልፎ፣ በጋላፊ ኬላ እየተሻገረ መመላለስ ጀመረ። ያን ጊዜ ከተጋቡ ገና ዓመት አልሞላቸውም። ወደብ ላይ ጭነት እስኪደርሰው ወረፋው አንዳንዴ ከሳምንት ያልፋል። ሙቀቱ ሲያንገበግባቸው ሾፌሮቹ ከወደቡ ራቅ ወዳለች አንዲት ስፍራ ሄደው ይታጠባሉ። ባህሩ ወደ የብሱ ገባ ይልና ሁለት የአሸዋ ክንዶች ግራና ቀኝ ያቅፉታል። ሾፌሮቹም ስሟን "እቅፏ" አሏት።

ጣሀ ከጉዞ ተመልሶ፣ ገላውን ታጥቦ፣ ምሳ ሲቀርብለት መጀመሪያ የሚያነሳው እቅፏን ነበር።

"ውሃው ከመጥራቱ የተነሳ" ይላታል፣ "እግሬን ቁልቁል ሳየው የሌላ ሰው እግር ይመስለኛል። ትንንሽ ዓሣ በጣቶቼ መካከል ይሄዳል። ወፍ አለ ደግሞ፣ ሮዝ፣ እግሩ እንደ ሸንበቆ የቀጠነ። ሁሉም ባንድ ጊዜ ሲነሱ ሰማዩ ላይ ሻሽ የተበተነ ነው የሚመስለው።"

"ሮዝ ወፍ? ወላሂ በል!"

"ወላሂ! ዛፍም አለ፣ ውሃው ውስጥ የበቀለ።"

"ባህር ዛፍ?"

ጣሀ ጉርሻው እስኪያንቀው ሳቀ። "ባህር ዛፍማ እዚሁ ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ላይ ሞልቶልሽ የለ! ይሄ የእውነት የባህር ዛፍ ነው እንጂ። ጨው ውሃ ጠጥቶ የሚኖር። ሥሩ ከጭቃው ወደ ላይ እንደ ጣት ብቅ ብቅ ይላል። ቅጠሉን ብትልሺው ጨው ጨው ይልሻል።"

ኡሙሰልማ የቢስቲማ ልጅ ናት። ውሃ ሲባል የምታውቀው በክረምት ሞልቶ የሚያስፈራ፣ በበጋ ደርቆ የሚያስለቅስ ወንዝ ነው። እማይደርቅ ውሃ፣ ወዲያ ማዶው የማይታይ ውሃ በሕልሟም መጥቶላት አያውቅ። ስለዚህ ጠየቀች፤ ደጋግማ ጠየቀች። ጣሀም ሰልችቶት አያውቅም። አንድ ጥርሱ ወርቅ የሆነ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ እንዳለ፣ ሾፌሮቹ ሲታጠቡ ባየ ቁጥር "እናንተ የተራራ ሰዎች፣ ባህራችንን ዛሬም አቧራ በአቧራ አደረጋችሁት" እያለ እንደሚቀልድባቸው ነገራት። ሽማግሌውን ሳታየው ወደደችው።

ዓመታት ሄዱ። ፊርደውስ ተወለደች፤ ከእሷም በኋላ ወንድሞቿ። ኮምቦልቻም አደገች። ከቤታቸው ጀርባ ማሽላ ይዘራበት የነበረው ሜዳ መጀመሪያ የመኪና ማቆሚያ፣ ቀጥሎ መጋዘን ሆነ። ጣሀና ባልደረቦቹ ከጅቡቲ የሚያመጡት ኮንቴይነር ማረፊያ ስለፈለገ ለከተማዋ ደረቅ ወደብ ተሠራላት። ሰርካዲስ ይህን ስትሰማ "እንግዲህ ባህርዬ፣ ወደቡ ከመጣ ባህሩም ተከትሎ መምጣቱ አይቀርም" ብላ ሳቀች። ቦርከና ወንዝ ወርዶ ልብስ ማጠብ ግን ቀረ፤ ውሃው ጠረኑ ተለውጦ ነበር። ኡሙሰልማ አልከፋትም አይባልም። ነገር ግን የጭቃ ቤታቸው ብሎኬት የሆነው፣ ልጆቿ ደሴ ድረስ ተልከው የተማሩት ከተማዋን ባሳደገው በዚሁ ጭነት ስለሆነ፣ አልሃምዱሊላህ ብላ ታልፈዋለች።

የማይለወጠው የጣሀ ባህር ብቻ ነበር። ከጊዜ በኋላ እሱ ራሱ ማንሳቱን ተወ፤ እሷ ናት የምትጠይቀው።

"ወፎቹ እንዴት ከረሙ?"

"ደህና ናቸው።"

"ዓሣ አጥማጁስ? አሁንም ይቀልዳል?"

"ይቀልዳል።"

"ያኔ ሽማግሌ አልነበር እንዴ? አሁን ዕድሜው ስንት ሊሆን ነው?"

"የባህር ሰው ቶሎ አያረጅም" አለና ጣሀ ወደ ሳህኑ አቀረቀረ።

ፊርደውስን ያገባት ሁዘይፋ የሚባል የዚያው የኮምቦልቻ ልጅ ነው። ጅቡቲ ውስጥ የትራንዚት ቢሮ ሠራተኛ ስለሆነ ኑሯቸውን እዚያው አደረጉ። ፊርደውስ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ወሯ እየገባ ነው ሲባል ኡሙሰልማ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው።

"በሰው አገር ማን ሊያርሳት ነው?"

"ሙቀቱን አትችዪውም" አላት ጣሀ። "ደሞ ቤታቸው ጠባብ ነው። ስትወልድ እኔው አመጣታለሁ።"

"አራስ በተሳቢ ልታመጣ?"

"እንደሱ ማለቴ ሳይሆን…"

"እንግዲያው ምን ማለትህ ነው?"

ኡሙሰልማ ባሏ የሚሸሸው ሙቀቱን እንዳልሆነ ገባት፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባትም።

ፓስፖርት ልታወጣ ደሴ ወጣች። የጦሳ ጉም ከተማው ላይ ወርዶ ሰው ሁሉ ተከናንቦ ይሄዳል። ቢሮው ውስጥ ያለው ወጣት ሠራተኛ "እናቴ፣ ለምን ጉዳይ ነው የሚሄዱት?" አላት። "ልጄን ላርስ" አለች። ትንሽ አሰበችና "ባህርንም ላየው" ብላ ጨመረች። ወጣቱ ፈገግ አለ። "እንግዲያው ለባህሩ ሰላም ይበሉልኝ፤ እኔም አይቼው አላውቅ።"

የገብስ ዱቄት፣ የተነጠረ ቅቤ፣ ማርና አብሽ ተሸክፎ ጋቢናው ውስጥ ተጫነ። ሰርካዲስ መንገድ ላይ ይበላል ብላ ዳቦ አመጣች። ባቲን ሲወርዱ አየሩ እየሞቀ፣ ጆሮዋ እየደነቆረ ሄደ። ከሚሌ ወዲያ ያለው ሜዳ ማለቂያ ያለው አይመስልም። ፍየልና ግመል አስፋልቱን እንደ ራሱ ግቢ ይሻገራል፤ ጣሀ ጥሩምባውን እያምባረቀ ያልፋቸዋል። ኡሙሰልማ በመስኮት ወጣ ብላ ሁሉን ታያለች። ሃያ ምናምን ዓመት ባሏን የሚወስድባት መንገድ ይሄ ነው ለካ! "በዚህ ሁሉ ብቻህን?" አለችው። "ረዳት አለኝ እኮ" አለ ጣሀ፣ ግን ደስ ብሎት ነበር።

ጅቡቲ ከሰዓት በኋላ ደረሱ። አንድ ኮረብታ ላይ ሲወጡ፣ በኮንቴይነር ክምርና በነዳጅ በርሜሎች መካከል፣ የሰማዩን ግርጌ የያዘ አንድ ሰማያዊ መስመር ታየ።

"ጣሀ! ያ ምንድነው?"

"ያ… ጭጋግ ነው።"

"ጭጋግ እንዲህ ይሆናል? ባህር ነው!"

"እሺ ባህር ነው። በኋላ አሳይሻለሁ" አለና መሪውን ባህሩ ወደማይታይበት መንገድ አዞረ።

ከሳምንት በኋላ ፊርደውስ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። ኡሙሰልማ ከዚያ ወዲያ ገንፎ ስታገነፋ፣ ሕፃኗን ስታጥብ፣ አራሷን ስታሽ ውላ ታመሻለች። በእርግጥም ሙቀቱ ሌላ ነው፤ ቅቤው በዕቃው ውስጥ ውሃ ሆኗል። ደስታዋ ግን ከሙቀቱ በለጠ። የልጅ ልጇን አቅፋ በረንዳ ላይ ስትቀመጥ ከሩቅ የሚመጣው ነፋስ ጨው ጨው ይላታል።

ጣሀ ኮምቦልቻ ደርሶ በተመለሰ ቁጥር "ዛሬ እቅፏን አሳየኝ" ትለዋለች። አንዴ "ነፋሱ ኃይለኛ ነው" አለ። አንዴ "ዛሬ ጁምዓ ነው፣ ሰው ይበዛል" አለ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ወታደር አያሳልፍም አለ። አማቿ ሁዘይፋ አጠገባቸው ቆሞ ይህን ሲሰማ ጣሪያውን ያያል።

"አንተ ሁዘይፋ፣ ወታደር አለ?" አለችው ጣሀ ሲወጣ።

"እናቴ፣ አባታችን ካሉ… እንግዲህ…" ብሎ ቢሮ ረፍዶብኛል አለ። ቀኑ ቢሮ የማይገባበት ነበር።

ከጎረቤት ሞሚና የምትባል አፋር ሴት ትኖራለች። ለአራሷ የግመል ወተት እያመጣች ትጠይቃታለች። ኡሙሰልማ ልጅ ሆና ቢስቲማ ገበያ ከቆላ ከሚወጡ አፋሮች ጋር እናቷ ስትገበያይ ትሰማ ስለነበር አፋርኛ በመጠኑ ትችላለች፤ ረስቼዋለሁ ያለችው ቋንቋ ሞሚናን ባየች ጊዜ ከተደበቀበት እየወጣ መጣላት። አንድ ቀን ሞሚና ልብሷን ወደ ላይ ሰብስባ፣ ባልዲ ይዛ ስትሄድ አየቻት።

"ወዴት ነው እህቴ?"

"ወደ ባህሩ። ችግኝ እንተክላለን።"

ኡሙሰልማ ብድግ አለች። "አንድ ቦታ ታውቂልኛለሽ? ባህሩ ገባ ያለበት፣ ሁለት የአሸዋ ክንድ ያለው። ዛፍ ውሃ ውስጥ የሚበቅልበት፤ ሮዝ ወፍ ያለበት።"

ሞሚና ፊቷን አየቻት። "ሮዝ ወፍ የነበረበት ማለትሽ ነው?"

"የነበረበት?" አለች ኡሙሰልማ።

ፊርደውስ ጡት እያጠባች ነበርና "ሂጂ እማ፣ እኔ ደህና ነኝ" አለቻት። ለካ ፊርደውስም ነገሩን ታውቅ ኖሯል።

ሁለቱ ሴቶች በእግራቸው ወረዱ። መጀመሪያ ያገኙት አስፋልት ነው፤ ዳርና ዳሩን ተሳቢ የቆመበት ሰፊ አስፋልት። ሾፌሮች ከመኪናቸው ጥላ ሥር ተጋድመዋል፤ የኮምቦልቻና የደሴ አማርኛ ይሰማል። ከወዲያ በኩል ክሬኖች እንደ ቀጭኔ አንገታቸውን ዘርግተዋል። ከዚያ የድንጋይ ግድግዳ፣ ከግድግዳው ሥር ደግሞ ቡናማ ውሃ አለ። ውሃው ላይ ጠርሙስና ፌስታል ይንሳፈፋል።

"አሁን የቆምንበት" አለች ሞሚና አስፋልቱን በእግሯ እየነካች፣ "ባህር ነበር። እናቴ እዚህ ጋ ነው ሸርጣን ስትለቅም የኖረችው።"

ኡሙሰልማ ቆመች። ወፍ የለም። ሽማግሌ የለም። አንዱ የአሸዋ ክንድ ከነጭራሹ ጠፍቷል፤ ድንጋይ ለብሶ፣ ሲሚንቶ ለብሶ፣ የወደቡ አካል ሆኗል።

ሞሚና እየሄደች አጫወተቻት። ከተማው ሲሰፋ መጀመሪያ የሄደው ዛፉ ነው፤ ለማገዶም፣ ለቤት መሥሪያም ተቆረጠ። ቀጥሎ አሸዋው በመኪና እየተጫነ ለሕንፃ ሄደ። ከዚያ ወደቡ ሲጠብ ድንጋይ አምጥተው ባህሩን ሞሉት። ውሃው እንደ ልቡ መግባት መውጣት ሲያቅተው ጭቃው ሸተተ። ዓሣው ልጁን የሚያሳድገው በዛፎቹ ሥር መካከል ነበርና ዛፉ ሲያልቅ ዓሣውም ሄደ፤ ወፉም ዓሣ አጥማጁም ተከተሉ።

"ጥርሱ ወርቅ የሆነ ሽማግሌ ታውቂ ነበር?" አለች ኡሙሰልማ።

"አው ዓሊ የምንለውን ሽማግሌ ነው? አላህ ይማረው፣ ከሞተ ሃያ ዓመት ሳይጠጋው አይቀርም።"

ኡሙሰልማ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። መጀመሪያ እልህ ያዛት። ያን ሁሉ ዓመት! ሙቶ የተቀበረውን ሰው "ይቀልዳል" ሲላት፣ "የባህር ሰው አያረጅም" ሲላት! ከዚያ ይቺ የመጨረሻዋ ትዝ ስትላት ሳቅ አመለጣት፤ ሳቀች፤ ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር ሳቀች። ሞሚና ምን እንዳሳቃት ሳታውቅ አብራት ሳቀች።

ከዚያ ዞር ብለው በቀረው በሁለተኛው የአሸዋ ክንድ በኩል ሄዱ። የአሸዋው ጫፍ ላይ፣ ከአንድ አውድማ የማይሰፋ ቦታ ላይ፣ ጥቅጥቅ ያሉ አጫጭር ዛፎች ቆመዋል። ባህሩ በየቀኑ እንደሚያደርገው ሸሽቶ ስለነበር ጭቃው ወጥቷል፤ ከጭቃው ደግሞ ሥራቸው እንደ ጣት ብቅ ብቅ ብሏል። ኡሙሰልማ ጠጋ ብላ አንድ ቅጠል በጠሰችና ላሰችው። ጨው ነው! ጣሀ ይሄንንስ አልዋሸም።

ከዛፎቹ ኋላ አሥራ ምናምን ሴቶች አጎንብሰው ይተክላሉ። ኡሙሰልማ "ማን አዘዛችሁ?" አለች።

"ማንም። መጀመሪያ የጀመርነው ግመሎቻችን የሚበሉት ስላጡ ነው" አለች ሞሚና ሳቅ እያለች። "ከዚያ አንድ ዓመት ማዕበል መጣና የዳርቻውን ቤቶች ጠራርጎ ወሰደ። ዛፍ ባለበት በኩል ያሉት ቤቶች ግን ቀሩ። እንግዲህ ያኔ ሲስቁብን የነበሩት ወንዶችም ዝም አሉን። ችግኙን የሚያፈሉልን ወጣቶች አሉ፤ ከድሮዎቹ ዛፎች ፍሬ ይለቅማሉ።"

"ይጸድቃል?"

"ግማሹ ይጸድቃል። ግማሹን ባህሩ ይወስደዋል። እንደገና እንተክላለን።"

ኡሙሰልማ ጫማዋን አወለቀች። ወጣት ሳለች ቢስቲማ ጋራው ላይ እርከን ስትሠራ፣ ችግኝ ስትተክል አድጋለች፤ ፕላስቲኩን ቀዶ ሥሩን ሳያጣምሙ ማስገባት ለእጇ አዲስ አይደለም። አዲሱ ጭቃው ነው። እስከ ጉልበቷ ዋጣት። ለብ ያለ፣ ለስላሳ ጭቃ ነው፤ በጣቶቿ መካከል እየሾለከ ኮረኮራት። አንዲት ሸርጣን በእግሯ ሥር ሮጣ ጉድጓዷ ገባች። በተተከለው ችግኝ ዙሪያ በቀረችው ኩሬ ውስጥ ጥፍር የማያክሉ ዓሦች ሽው ሽው ይላሉ። ከአጠገቧ ያለችው ሴት አንድ ነገር አለች፤ ሁሉም ሳቁ።

"ምን አለች?"

"የደጋ ሴት ስትሰምጥ እንኳ ቀጥ ብላ ነው አለች።"

ባህሩ ቀስ እያለ እስኪመለስ ድረስ ተከሉ። ውሃው መጀመሪያ ቁርጭምጭሚቷን፣ ከዚያ ባቷን ሲነካት ኡሙሰልማ ቀና አለች። ከፊቷ፣ ከክሬኖቹ ወዲያ፣ ዳርቻው የማይታይ ውሃ ተንጣሏል። ጣሀ ካወራላት ሁሉ ይሄንን በቃል ማምጣት አልቻለም ነበር። አይፈረድበትም፤ እሷም አልቻለችም። "ሱብሃነላህ" አለች።

በማግስቱ ጣሀ ከኮምቦልቻ መጣ። ምሳ ሲቀርብለት ኡሙሰልማ ከጎኑ ተቀመጠች።

"እንዴት ነው፣ በእቅፏ በኩል አለፍክ?"

"አለፍኩ" አለ።

"ወፎቹስ?"

"አሉ። ደህና ናቸው።"

"አው ዓሊስ?"

የጣሀ እጅ አየር ላይ ቀረ። ያን ሰው በስሙ ጠርቶላት አያውቅም። ቀና ሲል በረንዳው ላይ የተሰጣውን ቀሚሷን አየው፤ እስከ ወገቡ ድረስ በግራጫ ጭቃ ተለስኗል፤ ታጥቦ እንኳ አልለቀቀም። ፊርደውስ ሕፃኗን ይዛ ቀስ ብላ ወደ ውስጥ ገባች።

"ለምን ደበቅከኝ?" አለች ኡሙሰልማ። ድምጿ አልጮኸም።

"አንቺ ስትጠይቂኝ" አለ ጣሀ፣ "ለዚያች ሰዓት እንዳለ ይሆንልኛል። እኔም ቤቴ ተቀምጬ አየዋለሁ። ሌላ ቦታ የለም እኮ ኡሙ፤ ከአንቺ ጋ ብቻ ነው የተረፈው።" ሳህኑን ገፋ አደረገው። "ደግሞስ በየትኛው አፌ ተበላሸ እላለሁ? በዚያ በሞሉት ድንጋይ ላይ መኪናዬን የማቆመው እኔ ነኝ። ቤታችን በዚያ ተሠራ፤ ልጆቻችን በዚያ ተማሩ።"

"በዚያው በበላህበት አፍ ትነግረኛለህ።"

"ታዝኚያለሽ ብዬ ነዋ!"

"አዝኛለሁ። ማዘን ምን አለበት? አብሬህ ባዝን ኖሮ አንተም ይቀልልህ ነበር።" ሳህኑን መልሳ አቀረበችለት። "ብላ። ነገ አብረን እንወርዳለን። አንተ ያላየኸውን እኔ አሳይሃለሁ።"

"እኔ ያላየሁት? እዚያ?"

"እዚያ።"

ጣሀ በእርግጥም አላየውም ነበር። ድንጋዩ ከተሞላ ወዲህ መኪናውን አቁሞ ጀርባውን ለባህሩ ሰጥቶ ነው የሚተኛው፤ ወደዚያኛው የአሸዋ ክንድ እግሩን አንስቶ አያውቅም። በማግስቱ ኡሙሰልማ ከፊት ከፊት እየመራች ወሰደችው። የድሮዎቹን ዛፎች ሲያይ የጠፋ ዘመድ እንዳገኘ ሰው ቆሞ ቀረ። "እነዚህ'ኮ ናቸው!" አለ። "ልብሳችንን የምንሰቅለው እዚች ላይ ነበር፣ ወላሂ እቺ ራሷ ናት!" ሱሪውን ወደ ላይ ጠቅልሎ ገባ። ሦስት እርምጃ ሳይሄድ ጭቃው ቁጭ አደረገው። ሴቶቹ አጨበጨቡ። ኡሙሰልማ እጁን ይዛ ልታነሳው ስትጎትት እሷም አብራ ወደቀች።

ከዚያ ወዲያ ጣሀ ወረፋ በጠበቀ ቁጥር ወደዚያው ሆነ። አብረውት ከሚነዱት አንዱ፣ ስማቸው የሚባለው የደሴ ሾፌር፣ "ምን አገኘህ እዚያ ጭቃ ውስጥ?" ብሎ ሲከተለው እሱም ችግኝ ይዞ ተገኘ። ኡሙሰልማ የበረንዳው ነፋስ ላይ ሕፃኗን እያባበለች ከታች የሚመጡትን ሾፌሮች ትቆጥራለች፤ እግራቸው ሁሉ ግራጫ ነው። አንዳንዱ የተከሉት መስመር ጸደቀ፤ አንዳንዱ ነፋስ በበዛበት ሳምንት ተነቅሎ ሄደ። ሞሚና ምንም አልመሰላትም። ሮዝ ወፍ ብርዱ ሲመጣ አልፎ አልፎ ከሩቅ ይታያል አለች፤ ግን እንደ ድሮው ይመጣል ብላ ተስፋ አልሰጠቻቸውም። እነሱም አልጠየቋትም።

የሕፃኗ አርባ ወጣ። ፊርደውስ በእግሯ ቆመች፤ ጉንጯ ሞላ። ኡሙሰልማ የምትመለስበት ጠዋት ጣሀ መኪናውን ጭኖ ከጨረሰ በኋላ ሴቶቹን ሊሰናበቱ ወረዱ። ባህሩ ሸሽቷል። ከሩቅ የሞሚና ጩኸት ተሰማ። ሁለት ግመሎች ባለፈው ሳምንት በተተከለው መስመር መካከል ገብተው፣ በርጋታ፣ እንደ ጌታ፣ ችግኙን ጫፍ ጫፉን ይቀጥፋሉ።

ጣሀ ጫማውን ሳያወልቅ፣ ሱሪውን ሳይሰበስብ ገባ። "ሂድ! ወግድ! ዞር በል ከዚህ!" እያለ እጁን ያወናጭፋል። ግመሎቹ አንገታቸውን አዙረው አዩትና ማላመጣቸውን ቀጠሉ።

"አማርኛ አይሰሙም!" ጮኸች ኡሙሰልማ ከዳር ሆና።

ጣሀ ጭቃው ውስጥ እስከ ጭኑ ሰምጦ ቆመ። ትንፋሹን ሳበ፤ ጉንጩን ነፋ፤ ከዚያ ከሆዱ ስቦ ልክ እንደ ተሳቢው ጥሩምባ አምባረቀ። ግመሎቹ ደነገጡ። ያን ድምፅ ከአስፋልቱ ላይ በደንብ ያውቁታል። ጆሯቸውን ቀጥ አድርገው፣ ጭቃውን እየረጩ፣ ወደ አሸዋው ወጥተው ሸመጠጡ። ጣሀ አንዴ ደግሞ አምባረቀ፣ ለማንኛውም።

ሴቶቹ መሬት ላይ ተቀምጠው ይስቃሉ። አንዷ የሳቅ እንባዋን በጨርቅ ትጠርጋለች። ኡሙሰልማ መቆም አቅቷት ሞሚና ላይ ተደግፋለች። ጣሀ አንድ እግሩን ሲነቅል ጫማው ጭቃው ውስጥ ቀረ። እጁን እስከ ክንዱ ከቶ ፈለገው፤ አላገኘውም። ውሃው እየተመለሰ ስለነበር ተወው።

"ተክለኸው ሄድክ" አለችው።

"ምናልባት ይጸድቃል።"

የተበሉትን ችግኞች አብረው ተኩ። ሞሚና ዳርቻውን በእሾህ እንደሚያጥሩት ነገረቻቸው። የደረቀ ዓሣ በጨርቅ ቋጥራ ለመንገድ ሰጠቻቸው፤ ኡሙሰልማ ደግሞ የተረፋትን የገብስ ዱቄትና ማር ትታላት ሄደች። በዚህ ሁሉ መሃል ጋላፊን በጊዜ ለማለፍ መነሳት ያለባቸው ሰዓት አልፎ ነበር፤ ጣሀ ግን አልተቆጣም።

ጋቢናው ውስጥ ፔዳሉም፣ ወለሉም፣ የመቀመጫው ጨርቅም ጭቃ በጭቃ ሆነ። ጣሀ አንድ እግሩ ባዶውን ሆኖ ይነዳል። ኡሙሰልማ የከተማው መጨረሻ ላይ የመኪናውን መስኮት ከፍታ የመጨረሻዋን ሰማያዊ መስመር እያየች ስለ ልጅ ልጇ ጥርስ፣ ስለ አማቿ ደግነት፣ ኮምቦልቻ ስትደርስ ለሰርካዲስ የደረቀውን ዓሣ እንዴት አድርጋ እንደምትሠራላት ስታወራ ቆየች። ከዚያ ወሬዋ እየተቆራረጠ መጣ። መንገዱ ዳገቱን ሲጀምር ጭንቅላቷን በሩ ላይ አስደግፋ፣ አፏን ትንሽ ከፍታ፣ ተኝታለች። ጣሀ ማርሽ ቀየረና ቀስ ብሎ ዳገቱን ተያያዘው።